የዕፀዋት ክብር በምን ይመዘናል?



በየጓሮአችን የበቀለው ጤና አዳም፣ ጌሾ፣ ዳማከሴ ዋጋው ስንት ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ የገበያውን እንናገር ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለአንድ ተክል የሚሰጠው ክብር በገበያ ዋጋ አይታወቅም፤ ስለዚህም የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ክብር በቍጥር ለመግለጽ ልዩ ልዩ መለኪያ አውጥተዋል።

ከእነዚህም አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ታርዲዮና ፓርዶ ዴ ሳንታያና የተባሉ የእስፓኝ ሊቃውንት ያወጡት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መርማሪው በአንድ አገር የሚኖሩትን ሰዎች እየዞረ ይጠይቃል፤ ተክሉ ለምግብ ነው ያሉትን፣ ለመድኃኒት ነው ያሉትን፣ ለሌላም ጥቅም ነው ያሉትን ለየብቻ ቈጥሮ ከደመረ በኋላ፣ ድምሩን በተጠያቂዎቹ ቍጥር ያካፍላል። ለምሳሌ ያህል 40 ሰዎች ተጠይቀው 30ዎቹ ጤና አዳም የቡና ማጣፈጫ ነው፣ 20ዎቹ ደግሞ የሆድ ቍርጠት መድኃኒት ነው ቢሉ፣ 50 ለ40 ተካፍሎ 1.25 ይሆናል። ጌሾን 40ዎቹም ለጠላና ለጠጅ ነው ብለው ሌላ ባይጨምሩበት 1 ብቻ ያገኛል።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ጤና አዳም ከጌሾ በለጠ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጤና አዳም የሌለው ቡና ይጠጣል፤ ጌሾ ያልገባበት ግን ጠላ አይባልም። ድግስ የደገሰች እመቤት ይህን ከሊቁ ይልቅ ታውቀዋለች! ሚዛኑ የሚያከብረው ብዙ ሙያ ያለውን ነው እንጂ ምትክ የሌለውን አይደለም። ናንሲ ተርነር የተባሉት የካናዳ ሊቅ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ መርምረው በ1988 ባወጡት ጽሑፍ፣ የተክሉ ጥቅም ምን ያህል አስፈላጊ፣ ምን ያህልስ የተዘወተረ እንደ ሆነ፣ በሌላም ይተካ እንደ ሆነ ለየብቻ መዝነዋል። ድካሙ ይበዛል፤ ለእኛ አገር ግን ይህኛው የሚሻል ይመስለኛል።

ኮሶን እንመልከት። ለምን ይጠቅማል ቢባል ሽማግሌውም ወጣቱም ሳያመነታ ለትል ነው ይላል። ዘንድሮ ጠጥተሃል ወይ ቢባል ግን፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ኪኒን ስለ ተካው፣ አዎን የሚል ብዙ አይገኝም። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ ቍጥር ይሰጣሉ። ደግሞስ ኮሶ መጠጣቱ ቢቀር፣ የመረረውን ነገር ሁሉ «እንደ ኮሶ» ማለታችንን በየትኛው ዓምድ እንጻፈው?

እንዶድም በመዝገብ ላይ «ልብስ ማጠቢያ» ተብሎ የሚታለፍ ተክል ነበር። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትም እነዚሁ ናቸው። የምርምሩ መነሻ የአጣቢዎቹ ልማድ ነበር። አባወራውን ብቻ ጠይቆ የሚመለስ መርማሪ ይህን ከየት ያገኘዋል?

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ያልተነገረው ነው። መድኃኒት ዐዋቂው ሥሩንና ቅጠሉን ለመረጠው ልጁ ያወርሳል እንጂ፣ ደብተር ይዞ ለመጣ እንግዳ አይዘረዝርም። ስለዚህ የእርሱ ዕፀዋት በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ያገኛሉ፤ ባዶ ላገኘም ዛፍ መጥረቢያ አይራራም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመጠቀም አስቀድሞ የማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዲጠየቅ፣ ከሚገኘውም ጥቅም እንዲካፈል ደንግጓል። መርማሪው መጠይቁን ከመዘርጋቱ በፊት ይህን አዋጅ ለሽማግሌው ቢያነብለት፣ ዝርዝሩ ሳይረዝም አይቀርም።