የይለፍ ደብተር

አፓርታይድ በደቡብ አፍሪካ በጦር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በአዋጅና በማኅተም የጸና ሥርዓት ነበርና፣ ግፉን ለማስተዋል አንዲት ደብተር ገልጦ መመልከት ይበቃል። በ1944 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ በስሙ ይለፍን የሚሽር እየተባለ፣ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ጥቁር ሁሉ ፎቶግራፉና የሥራው ታሪክ የሰፈረበትን፣ አሠሪው በየወሩ የሚፈርምበትን ደብተር ይዞ እንዲዘዋወር አስገደደው፤ ፈቃድ የሌለውም በከተማ ከ72 ሰዓት በላይ ቢገኝ ወደ ወህኒ ይወርድ ነበር።

ይህ አርዑት በሴቶችም ጫንቃ ላይ ሊጫን በታሰበ ጊዜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1948 ዓ.ም. 20 ሺህ ያህል ሴቶች፣ ብዙዎቹም ሕፃናቶቻቸውን እንዳዘሉ፣ በሊሊያን ንጎዪና በጓደኞቿ መሪነት ፕሪቶሪያ ከሚገኘው የመንግሥት ሕንፃ ደጃፍ ተሰብስበው፣ ፊርማቸውን የያዘውን አቤቱታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ትተው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በአርምሞ ቆሙ፤ ከጩኸት ሁሉ የበረታ አርምሞ ነበር።

መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በሻርፕቪል ይለፉን በመቃወም በወጣው ሕዝብ ላይ ፖሊሶች ተኩስ ከፍተው 69 ሰዎችን ገደሉ፤ አብዛኞቹ የተመቱት ሲሸሹ ከጀርባቸው ነው።

በቀጣዩ ዓመት አገራችን ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር፣ ደቡብ አፍሪካ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ስለ ዘረጋችው የዘር አገዛዝ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ዳኞቹ በ1958 ዓ.ም. ድምፃቸው እኩል ለእኩል ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረጉት፤ የይለፉ ሕግም እስከ 1978 ዓ.ም. ሳይሻር ቆየ።