የተዘለለው ስም

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ የማኅበራችን አመራር አባላት፣ ውድ የስድስት ኪሎ ልጆች፤ «ጓዶች» ልል ነበር፤ ልማድ ክፉ ነው። ባለቤቴ ግን ከፊት ወንበር ላይ ሆና ዐይኗን አፈጠጠችብኝ።

አዘጋጆቹ «ስለ ትውልድ ቦታህ አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገር» አሉኝ። ስለ ዓለም ከተማ በአሥራ አምስት ደቂቃ! እዚያ እኮ አንድ ሽማግሌ ማንነቱን እስኪነግራችሁ ከዚያ የበለጠ ይፈጃል። የራሱን ስም ብቻ ነግሯችሁ አይተውማ፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ይወስዳችኋል። የማወራችሁም ስለዚሁ ቆጠራ ነው።

ዓለም ከተማ የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ጀማና ወንጪት በቆረጧቸው ሸለቆዎች መካከል ጉብ ያለ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ጀማን ተሻግሮ፣ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ይገባል። እኔ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስወጣ ግን ስንቄን በትከሻዬ አንጠልጥዬ በእግሬ ነበር።

ልጆቻችን የማያውቁት ነገር ስላለ ትንሽ ላብራራ። በእኛ አገር መሬት ርስት ነበር። ርስት የሚገኘው በዘር ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል፤ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ይካፈላሉ። ስለዚህ ዘሩን የቆጠረ መሬት ይጠይቃል፤ መቁጠር ያልቻለ ደግሞ ይቀርበታል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለማማር አይደለም፤ ሰው ለዚህ ዕድሜውን በዳኛ ደጅ ጨርሶበታል። ሌላው ቆጠራ የጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ካልተራራቁ መጋባት የለም። እንግዲህ የዘር ሐረግ ለእኛ ሰው ጌጥ አልነበረም። የሚበላውም የሚጋባውም በእሱ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከአጎቱ ልጅ ጋር የርስት ክርክር ገጥሞ፣ ዳኛው የትውልድ ቆጠራውን በጽሑፍ አምጣ አሉት። በቤታችን ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ነኝ። ማታ ኩራዙን አቅርበው፣ መደብ ላይ አስቀምጠው፣ ወረቀት ሰጡኝ። አባቴ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፦ እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌ እገሊትን ወለደች። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ትልልቆቹ ሰዎች ብዕሬን እያዩ ዝም ብለው ይጠብቁኛላ!

ርስቱ የመጣው በአባቴ እናት በኩል ነው። እሷ ጋ ስንደርስ አያቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ቀስ ብላ «እህቴስ?» አለች።

አባቴ ወደ እሷ አልዞረም። «እሷ አትቆጠርም፤ ዝለላት» አለኝ።

ዘለልኳት። አያቴም ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ እሳቱን ቆሰቆሰች። እህቷ ቀጥቃጭ አግብታ እንደሄደች፣ ቤተሰቡም በዚህ አፍሮ እንደቆረጣት የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የብረት ሠሪውን ማረሻ ይዘን እናርሳለን፤ ልጁን ግን «ቡዳ ነው» ብለን ከማዕዳችን እናርቃለን። የአገራችን ነውር ይሄ ነበር። በደንቡ መሠረት ግን የዚያች ሴት ልጆች እንደኛው እኩል ወራሾች ናቸው። ተከራካሪውም ቢሆን ስሟን አላነሣም፤ እሱም ያፍርባታላ! ወረቀቱ ተነበበ፤ አባቴ ረታ። በዓመቱም መርሐቤቴ የማያውቀው አዲስ ጫማ ተገዛልኝ።

ከዚያ በ1964 ዓ.ም. ወደ ስድስት ኪሎ መጣሁ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። «መሬት ለአራሹ» የሚለውን መፈክር ታላላቆቻችን በ1957 ይዘውት ወጥተው ነበር፤ እኛም ድምፃችን እስኪዘጋ ጮህንለት። አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ እኔና ብዙዎቻችሁ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ላይ ነበርን። ገበሬውን ሰብስበን እናነብለት ነበር። የርስት አገርን የሚመለከተውን ክፍል ታስታውሱ እንደሆነ፣ ገበሬው በዚያን ቀን በእጁ ያለውን እያረሰ ይቀጥላል፣ በዘር ቆጥሮ ሌላ መሬት መጠየቅ ግን ቀረ ይላል። እኔ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። «ተገላገልን፣ ሙግት ቀረ» አልኩ። ግን አስቡት፤ ከዚያ በፊት በሐሰት ቆጠራ የወጣ ሰው የሚከራከርበት በርም አብሮ ተዘጋ። በአሥራ አንድ ዓመቴ የዘለልኳቸው ሰዎች ከዚያ ርስት እንደወጡ ቀሩ። ያኔ ይህ በአእምሮዬ አልመጣም፤ ወረቀቱንም ረስቼዋለሁ።

ያስታወሰኝ እንግሊዝ አገር ነው። ልጄ እዚያ ናትና በ2008 ዓ.ም. ልጠይቃት ሄድኩ። እሑድ ቀን በምትኖርበት መንደር አዳራሽ ወሰደችኝ። የመንደሩ ሰዎች የቤተሰባቸውን ታሪክ፣ የድሮ ፎቶና ደብዳቤ ይዘው መጥተው ሻይ እየጠጡ ያወራሉ። በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በመዝገብ እንዲጻፍ ከታዘዘ ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። አንዲት አሮጊት የቅድመ አያቷን ጥምቀት ቅጂ አሳዩኝ። ቀናሁ። ከጎኑ ደግሞ የአንድ ሕፃን ስም ነበር፤ የእናቱ ስም አለ፣ የአባቱ ቦታ ባዶ ነው። «ይሄስ?» ብላቸው «አባቱን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ግን አልተጻፈም» አሉኝ። ያን ጊዜ ምድጃው፣ ኩራዙ፣ የአያቴ ድምፅ ሁሉም ከተፍ አለብኝ።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ደብተርና አንድ መቅረጫ ይዤ ዓለም ከተማ ገባሁ። ሽማግሌዎችን እየዞርኩ አናገርኩ። አንዱ በጠላት ዘመን የልጅነት ሥራው ለአርበኞች ቆሎ ማድረስ እንደነበር፣ የራስ አበበ አረጋይ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ እናቱ ጠላ እንደደበቀችላቸው አጫወተኝ። ሌላዋ እናት ሆስፒታል ከመሠራቱ በፊት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ እንዴት ቁልቁለቱን ትወርድ እንደነበር ነገሩኝ፤ ሁሉም አልደረሱም። ሆስፒታሉን ያሠራው ድርጅት መሥራች፣ ጀርመኖቹ ተዋናይ ብለው የሚያውቁት ካርልሃይንዝ በም፣ ለእነሱ አቶ ካርል ነው፤ እንደ ጎረቤታቸው ያወሩታል። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋተርሽቴተን የምትባል የጀርመን ከተማ ከዓለም ከተማ ጋር ተወዳጅታ ስለኖረች፣ ከዚያ ስለሚመጡት እንግዶችም ብዙ ጨዋታ አለ። ሁሉንም ጻፍኩ።

በመጨረሻ የፈለግሁት ቤት ጋ ደረስኩ። በር ላይ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት እንዝርት ይዘው ተቀምጠዋል። የዚያች የተዘለለችው ሴት የልጅ ልጅ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«አወቅሁዎት» አሉኝ። «ወረቀቱን የጻፈው ልጅ።»

ምን ልበል? ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ስሜ ይህ ነበር! እኔ ዲግሪዬን ስቆጥር፣ እነሱ የሚያውቁኝ በአንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። «እትዬ፣ ልጅ ነበርኩ፤ አዘዙኝ» አልኩ። «ነበርክ» አሉ፤ ከእርስዎ ወደ አንተ መጡ። «አድገህስ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። መሬት መመለስ አልችልም፤ የእኔም አይደለ። ደብተሬን አውጥቼ «ይንገሩኝ፣ ልጻፍ» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። በኋላ እንዝርቱን አስቀምጠው ጀመሩ፦ አያታቸውን፣ ያገባችውን ቀጥቃጭ፣ የእሱን አባት፣ ልጆቿን፣ የልጅ ልጆቿን። አንዱ አስተማሪ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ በጦር ሜዳ የቀረ። ሠላሳ አንድ ስም ነው። ስጨርስ «አንብብልኝ» አሉ። እሳቸው አያነቡም። ከላይ ጀምሬ አነበብኩ፤ አያቴን፣ ቀጥሎ እህቷን።

«ቆይ» አሉኝ። «ማንን አስቀደምክ?»

«አያቴን።»

«ታላቂቱ እኮ የኔ አያት ናት።»

ገጹን ቀደድኩት። በአዲስ ወረቀት ታላቂቱን ከላይ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና አነበብኩላቸው። ያን ጊዜ «እንግዲህ ቡና ይፈላ፣ ወንድም ዓለም» አሉ።

የዚያ ደብተር አንድ ቅጂ እሳቸው ቤት አለ፤ አንዱ እኔ ጋ። ወንድሞቼ ሲያዩት ሁሉም ደስ አላላቸውም። አንደኛው «የሞተውን ምን ትቀሰቅሳለህ?» ብሎ አንድ ዓመት አኩርፎኛል። ባለፈው ፋሲካ ግን ልጁ መጥቶ ኮፒ ወሰደ።

ወዳጆቼ፣ በዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ከየቤታችን መጀመሪያ ፊደል የቆጠርን ነን። ማመልከቻውን፣ ኑዛዜውን፣ የእድሩን መዝገብ፣ የርስቱን ቆጠራ የጻፍን እኛ ነን። ስለዚህ የጎደለውንም የምናውቅ እኛ ነን። ዕድሜያችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ባለፈው ስንገናኝ ከነበሩት ስንቶቹ ዛሬ እዚህ የሉም። ወደ ትውልድ ቀዬ መሄዱም እንደ ድሮው አልቀለለም፤ ስልክ ግን አለ። አንድ ደብተር ግዙ። በሕይወት ያሉትን አክስትና አጎት ጠይቁ። ጽፋችሁ ስትጨርሱም መልሳችሁ አንብቡላቸውና እስኪያርሟችሁ ጠብቁ።

አሥራ አምስት ደቂቃዬን አልፌያለሁ።