ሉቭርን መቼ እንጎብኝ?

ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ ለሥራ ወደ ፓሪስ የምትሄዱ ሰዎች ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ፤ «ሉቭር ሙዚየምን ሳንጋፋ ለማየት መቼ እንሂድ?» የዛሬው ዝግጅታችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። ሰዓቱን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ በፈረንጆቹ። ትኬታችሁ ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነውና 14:00 የሚል ካያችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። በዚህ ተሳስቶ ቀጠሮው ያለፈበት ሰው እንዳትሆኑ።

ሉቭር ከመነሻው ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ቤት አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት ፓሪስን ከጠላት ለመከላከል ያሠራው ምሽግ ነበር። በኋላ ቤተ መንግሥት ሆነ፤ በ1793፣ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም ተደረገ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚገባበት የመስታወት ፒራሚድ በ1989 ሲመረቅ የታሰበው በዓመት 4 ሚሊዮን ለሚደርስ ጎብኚ ነበር። በ2018 የመጣው ግን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ሙዚየሙ በቀን ከ30,000 ሰው በላይ ላለማስገባት ቢወስንም፣ በ2024 የጎብኚው ቁጥር 8.7 ሚሊዮን ደርሷል። በጁን 2025 ሠራተኞቹ በሕዝቡ ብዛት ተማረው ሥራ በማቆማቸው፣ ትኬት የያዘው ሰው ከደጅ ለሰዓታት ቆሞ ነበር።

ይህን ስትሰሙ ሙዚየሙ ከዳር እስከ ዳር የታጨቀ ሊመስላችሁ ይችላል። እውነቱ ሌላ ነው። ሉቭር ሦስት ታላላቅ የሕንፃ ክንፎች አሉት፤ ዴኖን፣ ሱሊና ሪሽልዩ ይባላሉ። ለእይታ የቀረቡት ሥራዎችም ከ30,000 በላይ ናቸው። ሕዝቡ የሚተመው ግን በአብዛኛው በአንድ መንገድ ነው፤ ከፒራሚዱ ሥር ተነስቶ በዴኖን ክንፍ ደረጃ ሽቅብ ወደ ሞና ሊዛ። በቀን 20,000 ያህል ሰው በእርሷ ፊት ያልፋል። በዚያው ሰዓት ሪሽልዩ ክንፍ ውስጥ የባቢሎኑን ንጉሥ የሐሙራቢን የሕግ ድንጋይ ተረጋግቶ የሚያይ ሰው ታገኛላችሁ። ስለዚህ «መቼ እንሂድ?» ስንል በውስጡ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ «በየትኛው ሰዓት የትኛው ክፍል?» የሚል። ሁለቱን ለየብቻ መመለስ አይቻልም።

ከቀኑ እንጀምር። ሉቭር የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። ከሴን ወንዝ ማዶ ያለው ትልቁ የኦርሴ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ ይዘጋል። ጎረቤቱ ሱቅ ሲዘጋ ገበያተኛው ወደ እናንተ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ሰኞ ኦርሴን ያጣው ቱሪስት ወደ ሉቭር ይጎርፋል። ማክሰኞ የሉቭር በር የተዘጋበት ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። ቅዳሜና እሑድ የአገሬው ሰው ራሱ ከነቤተሰቡ ይጨመርበታል። ሐሙስና አርብ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከጠዋቶች ሁሉ ሻል የሚሉት የእነርሱ ናቸው። የወሩ የመጀመሪያ አርብ ግን ከ12 ሰዓት ጀምሮ መግቢያ ነፃ ስለሆነ፣ ከጁላይና ከኦገስት በስተቀር፣ ያን ማታ ፀጥታ አትጠብቁ። የፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል የሚከበርበት ጁላይ 14ም እንዲሁ ነፃ ነው፤ ገንዘብ ብታተርፉም መጋፋቱ አይቀርላችሁም።

ወደ ወቅቱ ስንሻገር፣ ምርጫ ካላችሁ ኅዳርን ወይም ጥርን ምረጡ። የፈረንጆቹ የገና ሰሞን ሕዝብ ገና ሳይመጣ ወይም ከተመለሰ በኋላ ማለት ነው። ብርዱ ይከብዳል፤ ሙዚየም ግን የቤት ውስጥ ጉብኝት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የመላው አውሮፓ የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ ግፊያው ይበረታል። ልጆቻችሁ ትምህርት የሚዘጋላቸው በክረምት ነውና ሌላ አማራጭ ላይኖራችሁ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወሩን መለወጥ ባትችሉም ሰዓቱን መለወጥ ትችላላችሁ። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መግቢያ ነፃ ነው፤ ሆኖም ለእነርሱም ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ይበጃል።

ሰዓቱን በደንብ እንየው። በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቁርሱን ሆቴል በልቶ በአውቶቡስ የሚመጣው የአስጎብኚ ቡድን ከ4 ሰዓት በኋላ ይደራረባል። ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ከቀኑ ሁሉ የከበደው ነው። በአዘቦቱ ቀን ሙዚየሙ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ረቡዕና አርብ ግን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። ቡድኖቹ ለእራት ሲበተኑ፣ ልጅ የያዘውም ወደ ማደሪያው ሲያመራ ክፍሎቹ መተንፈስ ይጀምራሉ።

ብዙ የጉዞ መጻሕፍት «በሩ እንደተከፈተ ወደ ሞና ሊዛ ሩጡ» ብለው ይመክራሉ። ችግሩ፣ ምክሩን ሁሉም ሰው አንብቦታል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የገባው ሕዝብ ተያይዞ ወደዚያው ስለሚሄድ ሰልፉ ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል። የእኔ ምክር የተገላቢጦሹ ነው። ጠዋት የገባችሁ እንደሆነ ወደ ሪሽልዩ ታጠፉ፤ የመስጴጦምያን ቅርሶች፣ ከዚያም ላይኛው ፎቅ ላይ የሬምብራንትንና የቬርሜርን ሥዕሎች ተመልከቱ። ሞና ሊዛን ረቡዕ ወይም አርብ ማታ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ እዩዋት። ከዚያ አታሳልፉት፤ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጠባቂዎቹ ሰውን ከክፍሎቹ ማስወጣት ይጀምራሉና።

እዚያ ስትደርሱ ሥዕሏ ከጠበቃችሁት ታንሳለች፤ ቁመቷ 77፣ ስፋቷ 53 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የምትታየውም በመስታወት ውስጥ ከአጥር ማዶ ነው። ዞር በሉ። ከፊት ለፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ ሕዝቡ ጀርባውን የሰጠው ትልቅ ሥዕል አለ፤ የሠዓሊው የቬሮኔዜ ቃና ዘገሊላ። ስፋቱ 10 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በ1563 ለቬኒስ መነኮሳት የመመገቢያ አዳራሽ ተሥሎ፣ በ1797 የናፖሊዮን ጦር ወደ ፓሪስ ያመጣው ነው። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ታላቁ ጋለሪ ስትገቡ ደግሞ ሞና ሊዛን የሣለው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሌሎች ሥራዎች ያለ ሰልፍና ያለ አጥር ይጠብቋችኋል።

የራሳችሁን አቅምም ቁጠሩት። ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የተባለ የቦስተን ሙዚየም ባለሙያ «የሙዚየም ድካም» ብሎ የጻፈው በ1916 ነው። ጎብኚው ማጎንበሱና መንጠራራቱ ሲበዛበት ዓይኑ ማየት እንደሚያቆም አሳይቷል። ሕዝብ ባይኖርም ደክሞት የቆመ ሰው ምንም አያይም። ሌሊቱን በአውሮፕላን አድራችሁ የገባችሁበትን ቀን ለሉቭር አታውሉት፤ ተኝታችሁ ተነሡና በማግስቱ ሂዱ።

ፓሪስ ያላችሁት ማክሰኞ ብቻ ከሆነስ? ሁሉም ወደ ኦርሴ ሲሄድ እናንተ ኤፍል ማማ አጠገብ ወዳለው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ሂዱ። ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በ1932 ተነቅለው የተወሰዱት ሥዕሎች በዚያ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናቸው። የወሰዷቸው በማርሴል ግሪዮል የሚመሩ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ በምትካቸው ሌላ ሥዕል ለቤተ ክርስቲያኑ አሥለው ሄደዋል። ለእኛ ከሞና ሊዛ ይልቅ የሚቀርበን ይህ ታሪክ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አምስት ማየት የምትፈልጓቸውን ሥራዎች በወረቀት ጻፉ። ከዚያ የሙዚየሙን ድረ ገጽ ተመልከቱ፤ አንዳንድ ክፍሎች በተወሰኑ ቀናት ስለሚዘጉ፣ የመረጣችኋቸው በዚያ ቀን መከፈታቸውን አረጋግጡ። ሞና ሊዛ ዝርዝራችሁ ውስጥ ካለች ረቡዕን ወይም አርብን ማታ ያዙ። ከሌለች ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ግቡና ቡድኖቹ ሳይደራረቡ ሥራችሁን ጨርሱ። ሉቭር ሄዶ ሞና ሊዛን ሳያዩ መመለስም ነውር አይደለም፤ ጓደኞቻችሁ ቢጠይቋችሁ ስለ ሐሙራቢ ድንጋይ ንገሯቸው።