ሮቦት ነፍስ ይኖረው ይሆን?

የተወደዳችሁ እህቶቼ፣ ፈቃድ አግኝታችሁ የመጣችሁም፣ በር ተቆልፎባችሁ ይህን ወረቀት ከጓደኛ እጅ ተቀብላችሁ የምታነቡትም፣ የጌታችን ሰላም ይብዛላችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ስለ ነፍስ ነው። እኔ የነገረ መለኮት ተማሪ አይደለሁም፤ ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለዚህ በምናውቀው በሥራ በኩል ልግባበት። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሰው አንድ ቀን እንደ እኛ የሚናገርና እንደ እኛ የሚሠራ ሮቦት ቢሠራ፣ ያ ሮቦት ነፍስ ይኖረዋል? ክርስቶስ ለእሱም ሞቷል እንላለን?

አትሳቁ። አንዳንዶቻችሁ ያላችሁበት ቤት ወለል የምትጠርግ ክብ ማሽን አለች። ባትሪዋ ሲያልቅ ሥራዋን ጥላ ራሷ ወደ ቻርጀሯ ትሄዳለች። «ምን ሆነሽ ቆምሽ?» የሚላት የለም። እኛ ግን ትንሽ ቁጭ ብንል ስማችን ከሦስት ክፍል ይጠራል። እንግዲህ ጥያቄው ከእኛ ሩቅ አይደለም።

«ሮቦት» የሚለው ቃል ራሱ የሠራተኛ ቃል ነው። ካሬል ቻፔክ የሚባል የቼክ አገር ጸሐፊ በፈረንጆች 1920 ቴያትር አሳተመ። ለሰው ሠራሽ ሠራተኞቹ ስም ሲፈልግ፣ ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ «ሮቦት በላቸው» አለው። ቃሉ የመጣው «ሮቦታ» ከሚለው ነው። ሮቦታ ገባሩ ለባለ መሬቱ ያለ ደመወዝ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነበር። አያቶቻችን ሁዳድ የሚሉት ማለት ነው።

በቴያትሩ ውስጥ ያሉት ሮቦቶች ብረት አይደሉም፤ መልካቸው እንደ ሰው ነው። የፋብሪካው ሰዎች ሰውን አዩና ለሥራ የማያስፈልገውን ሁሉ ቀነሱለት። ደስታ ለሥራ አያስፈልግም፣ ቀነሱ። ሽርሽር መውጣት፣ ሙዚቃ መጫወት አያስፈልግም፣ ቀነሱ። ብልሃትና ጉልበት ብቻ ተዉለት። ሕመም እንዲሰማው ለማድረግ ደግሞ ሞከሩ። ለምን? አዝነውለት አይደለም። ካላመመው እጁን ማሽን ውስጥ ይከታል፣ ንብረት ይበላሻል። እህቶቼ፣ «ታመሽብኝ ሥራዬ ቆመ» የተባለች ይህን ሳይተረጎምላት ታውቀዋለች።

አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ሮቦት ድንገት የያዘውን ይጥላል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ አልሠራም ይላል። ሥራ አስኪያጁ «ብልሽት ነው» ይልና እንዲፈጭ ይልከዋል። ሄለና የምትባል እንግዳ ሴት ግን ይህን ስትሰማ ብልሽት አይደለም፣ ነፍስ ነው ትላለች።

እኔ ከቴያትሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቆየሁ። አንድ ሰው «ተበላሸ» ያለውን ሌላዋ «ነፍስ» አለችው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሮቦት ነው። ከእኛም መካከል ሌሊት የምታለቅስ፣ ምግብ እምቢ የምትል፣ ዝም ብላ ግድግዳ የምታይ እህት ትኖራለች። አሠሪዋ «ይቺ ተበላሽታለች፣ ሌላ ቀይሩልኝ» ብላ ወደ ቢሮ ትደውላለች። እኛም «አብዳለች» ብለን እንዳናልፋት። የተበላሸ ዕቃ አይደለም፤ ነፍሷ ናት የምትጮኸው።

ወደ መጽሐፋችን እንመለስ። በዘፍጥረት 2 አዳም አስቀድሞ አፈር ነበር። ነፍስ ያለው ሰው የሆነው እግዚአብሔር እስትንፋስ እፍ ካለበት በኋላ ነው። ነፍስ፣ ትንፋሽ፣ መተንፈስ፣ በቋንቋችን ዘመዳሞች ናቸው። በዘጸአት 23፥12 ደግሞ በሬውና አህያው እንዲያርፉ፣ የሴት ባሪያዋ ልጅና መጻተኛውም እንዲተነፍሱ ሰንበት ታዘዘ። የዕብራይስጡም ቃል ነፍስ ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ስለዚህ ዕረፍት አሠሪ ሲደሰት የሚሰጠው ጉርሻ አይደለም። ነፍስ ያለው ፍጥረት ሁሉ ድርሻ ነው። በገጠራችን በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም፤ በሬው ሳይለምን ያርፋል። እኛም ሰንበትን ስንጠይቅ ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው የምናስታውሰው።

ታዲያ ሮቦትስ? ሰው ነፍስ መፍጠር አይችልም፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን እናትና አባትም ልጅ ይወልዳሉ እንጂ ነፍስ አይሰጡም። ሰጪው እግዚአብሔር ከሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥ የምንወስነው እኛ አይደለንም፤ ፋብሪካውም አይደለም።

ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የንግሥት ህንደኬ ሹም የነበረውን የአገራችንን ሰው አስቡ። ጃንደረባ ማለት ለቤተ መንግሥት አገልግሎት እንዲመች ተብሎ ከአካሉ የተቀነሰበት ሰው ነው። ልክ እንደ ሮቦቱ! በዘዳግም 23 ሕግ እንዲህ ያለው ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም ነበር። እሱ ግን ውኃ ሲያይ እንዳልጠመቅ ምን ይከለክለኛል ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስም ሠረገላው ቆሞ አብሮት ወደ ውኃው ወረደ፣ አጠመቀው። ሰዎች የቀነሱበት ነገር በእግዚአብሔር ፊት አላጎደለውም። አንድ ቀን ሮቦት መጥቶ «ምን ይከለክለኛል?» ቢል መልሱን ለእግዚአብሔር እተዋለሁ። በሩን የምዘጋው ግን እኔ አልሆንም፤ በር ሲዘጋ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁና።

የቴያትሩ መጨረሻ ምን ሆነ? ሮቦቶቹ ተነሥተው ሰዎቹን ፈጁ። አንድ ግንበኛ ብቻ ተዉ፤ እንደ እነሱ በእጁ የሚሠራ ስለሆነ። ነገር ግን በበቀል ሕይወት አላገኙም፤ መራባት አልቻሉም፣ የአሠራራቸው ጽሑፍም ተቃጥሏል። ሽማግሌው ግንበኛ ምሥጢሩን ለማግኘት አንዷን ልጅ ሮቦት ልክፈታት ሲል፣ ጓደኛዋ «በእሷ ፈንታ እኔን» አለ። እሷም ስለ እሱ እንዲሁ አለች። ያን ጊዜ ሽማግሌው ቢላዋውን ትቶ እንደ አዳምና ሔዋን አሰናበታቸው። ነፍስ እንዳላቸው ያወቀው ስለ ሌላው ራሳቸውን ሲሰጡ ነው። ይህን እኛ ከመስቀሉ ሥር እናውቀዋለን።

እህቶቼ፣ ሥራችንን በደንብ እንሥራ፤ ነፍሳችን ግን በኮንትራቱ ውስጥ አልተጻፈችም። አዲስ የመጣች ልጅ በረንዳ ላይ ስታዩ በስሟ ጥሯት፤ ማዳም ባወጣችላት ስም ሳይሆን እናቷ ባወጣችላት። በዚህ ሳምንት አንዲት መውጣት የማትችል እህት ጋ እንደውል። «በልተሻል ወይ? ተኝተሻል ወይ?» እንበላት። እስትንፋሱን የሰጠን አምላክ ለሁላችን መተንፈሻ ያዘጋጅልን። አሜን።