የአንድ እሑድ ቀረጻ

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ አሁን የሰማችሁት የቢል ኢቫንስ ትሪዮ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1961፣ እሑድ ዕለት፣ ኒውዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክለብ ተቀረጸ። ፒያኖ ኢቫንስ፣ ቤዝ ስኮት ላፋሮ፣ ድራም ፖል ሞሽን።

እሷ፦ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ አላረጀም! እኔን የሚይዘኝ ቤዙ ነው። ያኔ ቤዝ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ምቱን ጠብቆ ከኋላ ይከተል ነበር። ላፋሮ ግን ለፒያኖው መልስ ይሰጣል፣ ጣልቃ ይገባል፣ አንዳንዴም ዜማውን ራሱ ይቀበለዋል። ሦስት ሰው ብቻ ስለሆኑ መደበቂያ የላቸውም፤ አንዱ ዝም ሲል እንኳ ይታወቃል። ትልቅ ባንድ ውስጥ ይህን አታገኘውም።

እሱ፦ የብርጭቆ ድምፅና የሰው ወሬም ይሰማል።

እሷ፦ እሰይ፣ እንኳንም ተሰማ! ክለቡ ውስጥ የተቀመጥን ያህል ነው። ያን ምሽት እዚያ ሆነው ወሬ ይዘው ሙዚቃው ላመለጣቸው አዝናለሁ።

እሱ፦ ላፋሮ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ጁላይ 6 በመኪና አደጋ ሞተ፤ ገና 25 ዓመቱ ነበር።

እሷ፦ ኢቫንስም ሐዘኑ ከብዶት ለወራት ከመድረክ ራቀ። ቢሆንም ሙዚቃውን እንደ ለቅሶ ብቻ ከሰማነው እንበድለዋለን። ሲጫወቱ ደስታቸው ይሰማል።

እሱ፦ የዚያን ዕለት ሥራ ለማግኘት የሚፈልጉስ?

እሷ፦ «ዋልትዝ ፎር ዴቢ» የተባለውን አልበም ፈልጉ። አደራ፣ መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከትላችሁ ስሙት።