የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል

(በጪጩ በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የተማሪዎች ኅብረት ዛሬ ንግግር እንዳደርግ በጋበዘኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቀኑን መርሳት ነበር። የኅብረቱ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ ባያስታውሰኝ ኖሮ አሁን ከፊታችሁ ባልቆምሁ ነበር። ይህን የምለው ላስቃችሁ ብዬ አይደለም፤ የምናገርበት ጉዳይ ይኸው ራሱ ስለ ሆነ ነው።

አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ። መጽሐፉ ተዘርግቶ፣ ዓይኑም ተከፍቶ ሳለ ልቡ ሌላ አገር የሚሄድበት ሰው አለ። ይህ አልፎ አልፎ በማንም ላይ ይደርሳል። ከልጅነት ጀምሮ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ ኑሮን እስኪያሰናክል ድረስ ሲደርስ ግን ሐኪሞች የትኩረት ጉድለት ብለው ይጠሩታል። ትኩረት ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ልቡ የወደደው ነገር ሲገኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳይደክም ያድራል፤ ትኩረቱን በተፈለገው ሰዓት በተፈለገው ሥራ ላይ ማሳረፍ ግን ይሳነዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይቅረብ የተባለ ሥራ እስከ ዋዜማው ድረስ ለእርሱ የሌለ ያህል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ላይ ባደረጋቸው ንግግሮች ይህን የሚመስል ጠባይ ያላቸውን ልጆች ገልጾ፣ ችግሩን ከግብረ ገብ ጉድለት ጋር አያይዞት ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 በመመሪያ መጽሐፉ የትኩረት ጉድለት ብሎ ሰየመው፤ በ1987 ቅብጥብጥነትን በስሙ ላይ ጨመረበት። ለብዙ ዘመን ከልጅነት ጋር የሚቀር ይመስል ነበር። ልጆቹን እስከ አዋቂነት የተከታተሉ ጥናቶች ግን በብዙዎቹ ላይ መልኩን ለውጦ እንደሚቀጥል አሳይተዋል፤ ሩጫውና ዝላዩ ይቀንሳል፣ መርሳቱና ሥራን ማሳደሩ ይቀራል። ከዚህም ሌላ በዘር በእጅጉ የሚወረስ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ ስንፍና ነው የሚለው ፍርድ ከእውነት የራቀ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲወድቅ እንዴት ይነሣ? የሚል ነው። በራሴ ላይ የደረሰውን ላውራችሁ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ የስታቲስቲክስ የቤት ሥራ ማክሰኞ ማስረከብ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ረቡዕ ትዝ ሲለኝ ግማሹ ተሠርቶ ስለ ነበር የቀረው የአንድ ሌሊት ሥራ ነበር። ነገር ግን አፈርሁ። ሐሙስ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት እንዳልገናኝ ከክፍል ቀረሁ። በሚቀጥለው ሳምንት መቅረቴ ራሱ ሌላ ኀፍረት ሆነ። በዚያ ሰሞን «ከነገ ጀምሮ በሌሊት እነሣለሁ፤ ሁሉንም ኮርስ በየቀኑ አጠናለሁ» ብዬ ምዬ፣ መሐላዬንም ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። አራት ቀን ቆየ። ሲፈርስ ግን ከቤት ሥራው ይልቅ የመሐላው መፍረስ ሰበረኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከዲላ ወደ ጪጩ፣ ወደ ወላጆቼ ቤት ሸሸሁ። የአንድ ቀን ጥፋት አንድ ኮርስ በላ።

ቤት ስደርስ አባቴ ያረጀ ቡና ይጎነድል ነበር። የጌዴኦ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ከሌላ አገር ለመጣችሁ ግን ላስረዳ። ለብዙ ዓመት አፍርቶ የደከመ የቡና ዛፍ፣ ለቀማው ካለቀ በኋላ በበጋ፣ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይቆረጣል። ላየው ሰው የጠፋ ይመስላል። ዝናብ ሲመጣ ግን ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ገበሬው ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮቹን አስቀርቶ ሌላውን ያነሣል። እንደገና ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚፈጅ፣ ብልህ ገበሬ ማሳውን በየተራ ይጎነድላል እንጂ በአንድ ዓመት ሁሉንም አይቆርጥም።

አባቴ የእኔን ነገር አላወቀም ነበር። እኔ ግን መጋዙን ይዤ ሳግዘው ስሕተቴን አየሁት። ማሳዬን ሁሉ በአንድ ሌሊት ጎንድዬ በማግሥቱ ፍሬ እፈልግ ነበር፤ የበቀለውንም ቀንበጥ ሁሉ አብሬ ላሳድግ እሻ ነበር። መሐላ ማለት ይህ ነው። የሚያነሣን ግን ሥርዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ተመረመርሁ። የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሆነ በአገራችን ባለሙያው ገና ጥቂት ነው፤ ቢሆንም መፈለጉ ይጠቅማል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ሐዘንም ሐሳብን ያባክናሉና ማንም ለራሱ በገዛ እጁ የበሽታ ስም አያውጣ።

የያዝሁት ሥርዓት ይህ ነው። አንደኛ፣ ጥፋትን በማግሥቱ መናገር። በኀፍረት ጊዜ ቃል ስለሚጠፋ፣ ልቤ በተረጋጋ ቀን «መምህር፣ ሥራውን በጊዜው አላስረከብሁም፤ ግማሹ ይኸው፤ የቀረውን መቼ ላምጣ?» ብዬ በካርድ ጽፌ በኪሴ ይዣለሁ። ሁለተኛ፣ ራስ የማይዘውን ግድግዳ እንዲይዘው ማድረግ፤ ቀኑን ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ስልክን እንዲጮኽ መሙላት፣ የሚወሰደውን ነገር በር ላይ ማስቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከውድቀት በኋላ በአንድ ኮርስ፣ በአንድ ጥያቄ፣ በሃያ ደቂቃ መጀመር። አራተኛ፣ ከጓደኛ አጠገብ ተቀምጦ መሥራት፤ ጓደኛው ሌላ ትምህርት ቢያጠና እንኳ መቀመጡ ብቻ ይረዳል።

ስለ ጫትም ዝም ብዬ አላልፍም። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ስለ ሆነ ለጊዜው ያነቃል፤ እንቅልፍን ግን ይወስዳል፤ እንቅልፍ ያጣ ራስ ደግሞ በማግሥቱ ይብሱን ይባክናል። ሐኪም መጥኖ የሚያዝዘው መድኃኒትና በፈተና ዋዜማ የሚቃም ጫት አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በ2015 ሲገለጽ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ሁኔታ ብዙ ተጠየቀ፤ የአቅም ማሻሻያ ትምህርትም ተከፈተ። ብዙ ሰው አብሮ ሲወድቅ መንገዱን እንመረምራለን፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲወድቅ ግን በሰውየው ላይ እንፈርዳለን። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የተባለውም ስለዚህ ነው።

ክቡራን መምህራን፣ የማለፊያውን ነጥብ ዝቅ አድርጉልን አልልም። ረጅሙን ሥራ ሁለት ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ቀን ብትቆርጡለት፣ በቃል የተነገረውንም ቀን በሰሌዳ ብትጽፉልን ግን ሁሉም ተማሪ ይጠቀማል። ኅብረታችንም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ማጥናት ለሚሻ ተማሪ መዝገብ ቢከፍት ወጪ የለበትም። እናንተም ጓደኞቼ፣ ሦስት ቀን ከክፍል የቀረ ጓደኛ ስታዩ አትሳቁበት፤ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።

ያን ኮርስ ደግሜ ወሰድሁት። ሁለት የቤት ሥራ ዳግመኛ በጊዜው ሳላስረክብ ቀረሁ፤ ሁለቱንም በማግሥቱ ካርዴን ይዤ ሄጄ ተናገርሁ። ኮርሱን አልፌዋለሁ።