ፀሐይ ሞልቶ ቫይታሚን ጠፍቶ
(በተመራቂዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን አንዱ፣ ውጭ አገር የሚኖር ወንድማችን፣ ደውሎ እንዲህ አለኝ፦ «ሐኪሜ ቫይታሚን ዲህ ዝቅ ብሏል አለኝ። ቦርጭ ያወጣሁት ለዚህ ይሆን? ክኒኑን ብውጥ እከሳለሁ?» ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን እዚሁ ልስጥ።

ቫይታሚን ዲን በአብዛኛው የሚሠራው የገዛ ቆዳችን ነው፤ የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት። በምግብ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ዓሣ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ጉበት። በጾም ወራት እነዚህ ከገበታችን እምብዛም አይገኙም። ታዲያ ይህ ቫይታሚን የሚሟሟው በስብ ውስጥ ነው። ሰውነቱ ወፈር ያለ ሰው ጎተራው ሰፊ ስለሆነ ቫይታሚኑ እዚያ ይበተንና ደም ሲለካ አንሶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት 19 ወፍራሞችና 19 ቀጫጭኖች እኩል ጨረር እንዲሞቁ ተደረገ። በወፍራሞቹ ደም የታየው ጭማሪ ከቀጫጭኖቹ በ57 በመቶ ያነሰ ሆነ። ቆዳቸው ሰንፎ አይደለም፤ የተሠራው ደም ውስጥ አልደረሰም እንጂ።

ወንድማችን ግን የጠየቀው ተገላቢጦሹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 42 ሺህ ሰዎች ዘረመል የታየበት ጥናት ወጣ። የሚያወፍር ዘረመል ያላቸው ሰዎች ቫይታሚናቸው ዝቅ ይላል፤ ቫይታሚኑን ዝቅ የሚያደርገው ዘረመል ግን ሲያወፍር አልታየም። ቫይታል በተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ውስጥም፣ በየቀኑ 2,000 ዩኒት የወሰዱት ሰዎች የሰውነታቸው ስብ ሲለካ ምንም ካልወሰዱት አልቀነሰም። ስለዚህ ክኒኑ ለአጥንት እንጂ ለቦርጭ አይደለም። ይህን ስነግረው ወንድማችን ቅር አለው፤ እኔ ግን ምን ላድርግ!

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይገርማል። «የ13 ወር ፀጋ» እያልን በምንመካበት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከ100ው 42ቱ ቫይታሚን ዲ እንደሚያንሳቸው አሳየ። ከተማ ውስጥ ከ100 ወደ 62፣ ገጠር ወደ 21። የሰውነት ስብ፣ ፀሐይ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን መኖሩ ሳይቀር ከእጥረቱ ጋር ተያይዘው ተገኙ። በልጆች ላይ የተሠራ ነው፤ ግን እኛስ ከዚያ የከተማ ልጅ በምን እንሻላለን? ከቤት መኪና፣ ከመኪና ቢሮ። በመስታወት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ አይቆጠርም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

እኔ የጋይንት ሰው ነኝ። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቤተ ልሔም አገሬ ናት። እዚያ የቆሎ ተማሪው ለምዱን ለብሶ ደጅ ላይ ይውላል፤ ቀለሙን ሲያጠና፣ ቁራሽ ፍለጋ ከመንደር መንደር ሲዞር። ቦርጭ ያለው የቆሎ ተማሪ አይቼ አላውቅም! ሽማግሌዎቻችን በጾም ሰዓቱን የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነበር። ያን ልማድ ለጤናም ልዋሰው። የሰው ቁመት በራሱ ጫማ ስድስት ተኩል ገደማ ነው። ጥላችሁ ከዚያ ካጠረ ፀሐዩ ቫይታሚን ለመሥራት በቂ ነው፤ ከረዘመ ግን ሙቀት ብቻ ነው የምታገኙት። እኛ ዘንድ እኩለ ቀን ላይ በ13ቱም ወር ጥላ አጭር ነው። ስዊድን ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ግን በክረምቱ እኩለ ቀንም ቢሆን ጥላችሁ ረዥም ስለሆነ፣ ደጅ ብትውሉም ቆዳችሁ አይሠራም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጩ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

እጥረቱ በደም ምርመራ የተረጋገጠበት ወፍራም ሰው፣ ከቀጭኑ ሁለት ሦስት እጥፍ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ይህን ሰምታችሁ በራሳችሁ እንዳታበዙት። ሲበዛ በደም ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፤ ያስመልሳል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በተለይ ለእናት ለአባት ከውጭ የምትልኩ፣ 50,000 የሚል የተጻፈበት ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነው። እትዬ በየቀኑ ከቁርስ ጋር እንዳይውጡት ብልቃጡ ላይ በትልቁ በአማርኛ ጻፉበት።